ምሰሶ የማይወድ ሰው

ልጆቼ፣ ሁልጊዜ ቦታ የሚጠብበት ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔ ካዛንቺስ አንዱን፣ የቤት እቃ መጋዘን ያለውን፣ አውቃለሁ። የመጋዘኑን ጣሪያና ግድግዳ የተሸከመው የብረት መደርደሪያው ራሱ ነው፤ ሌላ ምሰሶ የሚባል የለውም። አንድ ቀን ሶፋ አላስገባ አለኝ ብሎ የመደርደሪያውን አንድ እግር አስቆረጠ።

«ጋሼ፣ ጣሪያው እኮ በሱ ነው የቆመው» አለው ንብረት ጠባቂው፣ የእህቴ ልጅ ታደሰ።

«አንተ ደግሞ! መደርደሪያ እቃ እንጂ ቤት ይሸከማል? ግባና ሶፋውን ተቀበል!»

እንጀራው ነውና ምን ያድርግ፣ ገባ። ጣሪያው ከነመደርደሪያው ወረደበት። በማግስቱ ቀበርነው።

ሰውዬው ለቅሶ መጣ። ክፉ እኮ አይደለም፣ እንባው እየወረደ ነው የገባው። ድንኳኑ ጢም ብሎ ሞልቷል። ዙሪያውን ቃኘና ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ፣ «እማማ፣ ያቺ የመሀል እንጨት ብትነሳ እኮ አንድ አግዳሚ ወንበር ይገባል» አለኝ።