በሬዎች ጥርሴን ያዩበት ገበያ

ትናንት ሌሊት የማይታለም ሕልም አለምኩ። እኔ በረት ውስጥ ታስሬያለሁ፤ በሬዬ ዳለቻ ጋቢ ደርቦ በሩ ላይ ቆሟል። አንገቴ ላይ ደግሞ የግብርና ባለሙያዎች ለእሱ የሰጡት መሣሪያ ተንጠልጥሏል። መሣሪያው ከብት ሲያገሳ የሚወጣውን አየር እየለካ መረጃውን ወደ ከተማ ይልካል። ያ አየር ሰማዩን ያሞቃል ብለውናል። ዳለቻም ልኩን አለፈ ስለተባለ ቅዳሜ ልሸጠው ቆርጬ ነበር።

በሕልሜ ቅዳሜ ሆነና ዳለቻ እየነዳ ገበያ ወሰደኝ። ሰዎች በገመድ ታስረው ቆመዋል፤ በሬዎች ዋጋ ይከራከራሉ። ፍየሎች ዛፍ ላይ ወጥተው መረጃ ያነባሉ። አንድ ወፍራም በሬ መጣና አፌን ከፍቶ ጥርሴን አየ።

«አርጅቷል። ለመሆኑ ምን ያህል ያጨሳል?»

አንዷ ፍየል ከዛፍ ላይ ጮኸች። «ኩበት ያነዳል፣ ቃርሚያ ያቃጥላል፣ ማዳበሪያ ያለ ልክ ይበትናል። ከመንደሩ አንደኛ ነው! የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ማለት ይኼ ነው።»

አፈርኩ። የበሬውን ግሳት እንጂ የራሴን ጭስ ቆጥሬ አላውቅም።

«ጋሼ ዳለቻ፣ እባክዎ አይሽጡኝ» አልኩ። «ስንት ክረምት አብረን አረስን!»

ዳለቻ እያመነዠከ አሰበ። «ስለ እርሻችንስ መረጃው ምን ይላል?»

«ስለ እርሻችሁ የላከልን የለም» አለች ፍየሏ።

«እንግዲያው አልሸጠውም። ከነጭሱም ቢሆን የኔው ሰው ነው።»

እግሩ ላይ ወድቄ አለቀስኩ። እሱ ግን ጆሮዬ ሥር መጥቶ ጮኸ። ደግሞ ጮኸ።

ነቃሁ። ሊነጋ ነው። ዳለቻ በእውኑ በረቱን በቀንዱ እየመታ ይጮሃል፤ ቤቱ በጭስ ታፍኗል። ማታ ከአንገቱ ፈትቼ፣ ኃይል እንዲሞላ ከሶላሩ ባትሪ ጋር አገናኝቼ ቤት ውስጥ ገለባ ላይ ያስቀመጥኩት መሣሪያ ፈንድቶ ገለባውን አያይዞታል። ከሚስቴ ከእናትነሽ ጋር በውኃና በአፈር ተረባርበን አጠፋነው። እሱ ባይጮህ ኖሮ ሁለታችንም አመድ ነበርን።

በረት ገብቼ አንገቱን አቀፍኩት። «እግዜር ይስጥልኝ፣ ጋሼ።»

«ጋሼ?» አለች እናትነሽ ከበሩ። «ጭሱ አናትህ ላይ ወጣ እንዴ? ቅዳሜስ ትሸጠዋለህ?»

«ቅዳሜ ደግሞ ምን አለ?» አልኳት።

ዳለቻ ፊቴ ላይ ረጅም ግሳት አገሳ። የሚለካው መሣሪያ ግን አልነበረም።