ፎቅ ቀብረን ንፍሮ በላን

ዓለም ልትጠፋ ነው ሲባል ድሃ ንስሐ ይገባል፤ ነጋዴ ግን ስልጠና ይገባል! አትሳቁ… እኔም ገብቻለሁ። ያኔ አርባ አንድ ዓመቴ ነበር፤ ቢቸና ላይ ጨርቅ ስሸጥ «የንግድ መሪ» ነሽ ተብዬ ሞጣ ተጠራሁ። እኔ የምመራው አንድ ሜትርና አንድ መቀስ ነው!

ሞጣ ታናሽ ወንድሜ ጌትነት አለ። እህል ነጋዴ ነው፤ ደህና ሰው ነው፤ ብቻ አንድ ፎቅ ራሱ ላይ ወጥቶበታል። ካባታችን በወረስነው መሬት ያለችውን ምንጭ ደፍኖ ሆቴል ሊሠራ! ቧንቧ ሲጠፋ ሰፈሩ ጀሪካኑን ይዞ የሚሮጠው ወደዚያች ምንጭ ነው። «ተው» ብለው፣ «እታለም፣ እድገት አይገባሽም» አለኝ። ተኳርፈናል።

አሰልጣኙ ካዲስ አበባ የመጣ፣ ክራቫቱ አንገቱን ያነቀው ልጅ ነው።

«የአየር ንብረቱ ተዛብቷል፤ ኅብረተሰቡም እየፈረሰ ነው። የድሮ ግባችሁ አያዋጣም። ዛሬ እንቀብረዋለን!» አለና ባዶ ካርቶን መሀል አስቀመጠ።

ጌትነትም ለስልጠናው ተጠርቶ፣ የሆቴሉን ፕላን ሊያሳየን ጠቅልሎ መጥቶ ነበር። አሰልጣኙ ቀበል አድርጎ ካርቶኑ ውስጥ አጋደመው።

«አሁን ተሰናበቱት። ስሜታችሁን አውጡ፤ አትፈሩ!»

ለጎጃም ሰው ይህ ይባላል? ቅቤ ነጋዴዋ እትዬ ጥሩወርቅ በሞጣ የታወቁ ሙሾ አውራጅ ናቸው። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ብድግ አሉ።

«ቁመተ ሎጋዬ ባለ አራት ፎቁ፣
ሳይወለድ ቀበርነው እንግዶች ሳያውቁ!»

አዳራሹ ዋይ አለ። ጌትነት… ባባታችን ቀብር እንባ ያልወጣው ጌትነት፣ ለፎቁ ስቅስቅ ብሎ አለቀሰ!

ቀኑ ደግሞ ገበያ ነው። ለቅሶ ሰምቶ የሚያልፍ ሰው ሞጣ ላይ አይታችሁ ታውቃላችሁ? በሩ ተበረገደ። «ማነው? ማን ሞተ?» አንዱ ለሌላው ሲያቀብል የእድሩ ድንኳን ከነንፍሮው ደረሰ። ባለሱቁ ሐጂ ሰይድም ገብተው የጌትነትን ትከሻ ያዙ።

«አላህ ያጽናህ ልጄ።»

እሱም ሆዬ ደንግጦ፣ «አሜን» አይል መሰላችሁ!

«ይቅርታ፣ ልምምድ ነው!» አለ አሰልጣኙ።

«አንተ ልጅ» አሉት እትዬ ጥሩወርቅ፣ «ለቅሶ ልምምድ የለውም። ይልቅ ቁጭ በልና ንፍሮ ቅመስ።»

ቀመሰ። ኅብረተሰቡ ፈርሷል ያለው ሰው፣ በፈረሰው ኅብረተሰብ ተከቦ ንፍሮ ሲዘግን ዋለ!

በማግስቱ ጌትነት ነቃ። «ቀልድ ነበር እኮ! ቁፋሮ እጀምራለሁ።»

ማን ሊቆፍርለት? ግንበኛው፣ «ጋሼ፣ የተቀበረ አላወጣም» ብሎ ሸሸ። መንገድ ላይ ያገኘው ሁሉ፣ «ጠናህ?» ይለዋል። ቢቸግረው ሐጂ ሰይድ ሱቅ ሄደ፤ እኔም ነበርኩ።

«ሐጂ፣ ኧረ ያስረዱልኝ! ማንም አልሞተብኝም።»

«ልጄ፣ እኛ አልቅሰናል፣ እድሩ ድንኳን ተክሏል፣ አንተም አሜን ብለሃል። አሁን ፎቁ ከሞት ተነሣ ብትለን ማን ደፍሮ እዚያ ሆቴል ይተኛል?»

ጌትነት ወደ እኔ ዞረ። ልስቅ ብዬ ከንፈሬን ነከስኩ።

«እታለም፣ አንቺም አልቅሰሻል?»

«ከሁሉም አብልጬ!»

 በሳምንቱ ጌትነት ከምንጯ ዙሪያ የተከላቸውን ችካሎች ነቀለ። ለሆቴሉ ባስጫነው ድንጋይ ለምንጯ ከብት የማያልፈው አጥር አሠራላት። ሲጨርስ ጀሪካን ከቤቱ አምጥቶ ከሴቶቹ ኋላ ተሰለፈ፤ ተራው ሲደርስ ቀድቶ ሄደ።