ኮምፒውተሩን ማን ይቀስቅሰው?

«አንቺ ከአሮጌው ነሽ ከአዲሱ?» አለኝ ጋሽ ታምራት፣ ካይሮ፣ አይን ሻምስ ያለውን የስደተኞች ማኅበራችንን አንድ ለእናቱ ኮምፒውተር የሚጠብቀው ስደተኛ ፖለቲከኛ። ከተማው በአብዮት እየታመሰ ስለነበር ስለ መንግሥት የጠየቀኝ መሰለኝ። ለካ ኮምፒውተሩ ስለሚሠራበት ስለ ሊኑክስ ነው! ኮምፒውተሩ ሲበራ ሌሎቹን ፕሮግራሞች ስለሚቀሰቅሰው ፕሮግራም።

እንዲህ ዓይነት ሰው ገጥሟችሁ አያውቅም? «አዲሱ ሥልጣኑን ሁሉ ጠቀለለ» ብሎ ነቀለውና አሮጌውን ጫነ። ምክትሉ ተቃወመና አዲሱን መለሰ። ሲነቅሉ ሲተክሉ ኮምፒውተሩ ጭራሽ አልነሳም አለ። ታዲያ ይጠግኑታል? ኧረ ወዲያ! እሁድ ጉባኤ ጠሩ፣ ቃለ ጉባኤ ያዙ፣ ድምፅ አሰጡ። ስድስት ለስድስት።

ሄሊዮፖሊስ ሰው ቤት የምትሠራው አልማዝ በሩ ላይ ቆማለች። የስደተኝነት ማመልከቻዋ ያለው እዚያው ኮምፒውተር ውስጥ ነው፤ ዛሬ እስከ ስምንት ሰዓት ዶቂ ላለው የስደተኞች ቢሮ ካላደረሰችው ኸላስ፣ አበቃ፣ ፋይሏ ይዘጋል።

«ማሌሽ፣ አይዞሽ እህቴ፣ ድምፁ እስኪለይ ታገሺ» አላት ጋሽ ታምራት። ኮምፒውተሩ ፊት እንደተቀመጠ ወደ እኔ ዞረ። «ኮምፒውተር ተምረሽ የተመረቅሽው አንቺ ነሽ፤ ያንቺ ድምፅ ይወስናል። ከየትኛው ነሽ?»

ሰዓቱን አየሁ፤ ስድስት ተኩል።

«እኔ ከአልማዝ ጋር ነኝ» አልኩት። «አሁን ተነሳልኝ፣ ወንበሩ ላይ እኔ ልቀመጥ።»