የፊት ወንበሩ የኔ ነው

እኔ ለመፍራት ከፍዬ አላውቅም። ፍርሃት በነጻ ሲታደለኝ ነው የኖርኩት። አገር ቤት ወታደር ያስፈራኝ ነበር፣ መንገድ ላይ ደላላ አስፈራኝ፣ እዚህ ከገባሁ ወዲህ ደግሞ ከማዘጋጃ ቤት የሚመጣ ፖስታ ያስፈራኛል። አንዳቸውም ታዲያ መጀመሪያ ቲኬት ቁረጥ አላሉኝም። የሆላንድ ሰው ግን ይገርማችኋል። ሥራው፣ ጤናው፣ ጡረታው፣ ብስክሌቱ ሳይቀር ኢንሹራንስ ስለተገባለት ፍርሃት ያለቀበት ይመስለኛል። ስለዚህ ሜዳውን አጥሮ፣ ሐዲድ ወደ ሰማይ አቁሞ፣ ፍርሃት እያመረተ ይሸጣል። የገዢው ብዛት! ሕፃን አዝሎ የሚመጣ ሁሉ አለ እኮ።

ይህን የት አየህ በሉኛ። ተማሪዎቼ ናቸው የወሰዱኝ።

ሮተርዳም፣ ሻርሎይስ ሰፈር በተከራየናት አዳራሽ ቅዳሜ ቅዳሜ አማርኛ አስተምራለሁ። በአዘቦቱ ቀን ስኬቨኒንገን፣ ባሕሩ ዳር ያለ ሆቴል ወጥ ቤት ውስጥ ድስት ስፈትግ ነው የምውለው፤ ቅዳሜ ግን መምህር ነኝ። ሃያ ሁለት ተማሪዎች አሉኝ። ከሮተርዳም፣ ከዴን ሃግ፣ ከአምስተልቨን ድረስ ይመጣሉ። ስድስት ዓመት ሙሉ ፊደል ብቻ አይደለም ያስተማርኳቸው፤ ሥነ ሥርዓት ጭምር ነው። ታላቅ ሲገባ ብድግ በሉ፣ ዕቃ በሁለት እጅ ተቀበሉ፣ ትልቅ ሰው ሲናገር አታቋርጡ። ፍሬው ምን ሆነ? በር ላይ አግኝተውኝ፣ እጃቸው ኪስ ውስጥ እንዳለ፣ «ሃይ ጋሽ ተክሌ! እንዴት ነህ?» ይሉኛል። የገዛ ልጄ ሩትማ አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ስመክራት «አባዬ፣ ዱ ኖርማል» ትለኛለች። ሰው ሁን ማለቷ ነው። እኔን! ሰው ሆኜ የወለድኳትን!

ዘንድሮ የጸደዩ የትምህርት ዕረፍት ሲቃረብ ክፍሉ አንድ ቀን አብሮ ይዝናና ተባለ። እኔ ሙዚየም አልኩ። አምስተርዳም ሙሉ ሙዚየም አይደለም እንዴ? የክፍሉ አለቃ ቤዛ፣ የአምስተልቨኗ፣ እጇን አወጣችና ድምፅ እንስጥ አለች። ሃያ ሁለት ለአንድ ተሸነፍኩ። መዝናኛ ፓርክ ሆነ።

የወላጅ ኮሚቴያችን ሰብሳቢ እትዬ ብርቄ ናቸው። እሳቸው የፈቀዱት በአንድ ሁኔታ ነበር። «ጋሽ ተክሌ አብረው ይሂዱና ይዩልን» አሉ። «የልጆቹ ሥርዓት ጥሩ ነው ካሉ በመከር ዕረፍትም ይደገማል። አይሆንም ካሉ ግን በዚሁ ይበቃል፤ የእርስዎ ቃል የኮሚቴው ቃል ነው።» ደስ አለኝ። ልዋሻችሁ አልፈልግም፣ ፍርዱን አውቶቡስ ላይ ሳልወጣ ጨርሼዋለሁ። አይደገምም! ልጆቹም ጠርጥረዋል። ሩት ከቤት ስንወጣ ጃኬቴን ይዛ፣ «አባዬ፣ በናትህ ይሄን እንዳታበላሽብን። ከቤት ወጥተን አብረን የምንውለው እኮ ይሄ ብቻ ነው» አለችኝ። እናያለን አልኳት።

አውቶቡሱ ውስጥ ከሾፌሩ ኋላ ያለውን የመጀመሪያውን ወንበር ያዝኩ። ይህ የማይደራደሩበት ነገር ነው። ሠርግ ሆነ ለቅሶ፣ ስብሰባ ሆነ ጉዞ፣ እኔ ከፊት ነኝ። መከበር ብቻ እንዳይመስላችሁ፣ ዕውቀትም አለበት። በአገራችን የኮረኮንች መንገድ የተጓዘ ሰው ያውቀዋል። ጋቢና የተቀመጠ ጌታ ነው፣ ተኝቶ ይደርሳል። ከኋላ የተቀመጠ ግን በየጉድጓዱ እየነጠረ ጣሪያውን በአናቱ ሲመታ ይውላል። አንድ ጊዜ ከደሴ ወደ ወልድያ ስሄድ ከኋላ ወንበር ደርሶኝ፣ የጎረቤቴ ዶሮ እንኳ ከእኔ በፊት ራሷን ስታ ነበር።

ፓርኩ ገባን። ስሙን አልጠራም፣ ማስታወቂያ እንዳይሆንለት። ወረፋ! ወረፋ ስል ምን እንደሚመስል አስቡት። ሰው አንድ ሰዓት ሙሉ በብረት አጥር መካከል እንደ ከብት እየተጠማዘዘ ይቆማል፣ ከዚያ ሁለት ደቂቃ ይጮሃል፣ ወርዶ እየሳቀ እንደገና ይሰለፋል። እኔ ለወረቀት ተሰልፌያለሁ፣ ለዳቦ ተሰልፌያለሁ። ለመጮህ የሚሰለፍ ሕዝብ ያየሁት እዚህ ነው። ይህን ሁሉ ጮክ ብዬ እየተናገርኩ ነበር የምከተላቸው። ልጆቹ አንድም አልመለሱልኝ። ዛሬን እንቻለው ተባብለው መጥተዋል መሰለኝ፣ ያን ቀን እንደ ቄስ ነው የያዙኝ።

ትልቁ ሐዲድ ጋ፣ ሰው በጋሪ ሰማይ ጥግ ወጥቶ ቁልቁል የሚወረወርበት ጋ ስንደርስ ግን ቤዛ ቦርሳዋን አወለቀችና፣ «ጋሽ ተክሌ፣ አንተ መውጣት የለብህም። ቦርሳችንን ይዘህ እዚህ ወንበር ላይ ብታርፍስ?» አለችኝ። ሃያ ሁለት ቦርሳ! መምህራቸውን ቦርሳ ጠባቂ! ከአጥሩ ጎን አየሁ፤ የፈረንጅ አያቶች በመደዳ ተቀምጠው፣ ጭናቸው ላይ ጃኬት ተከምሮባቸው፣ ሳንድዊች ይበላሉ። እዚያ መካከል ልታስቀምጠኝ ነው። ደሜ ፈላ። እወጣለሁ አልኩ።

ወጣን። መሣፈሪያው ላይ ሰልፉ በየረድፉ ይከፈላል። ልጆቹ ወደ መካከለኛው ሲመሩኝ ነቃሁባቸው። ከፊት ነው የምቀመጠው አልኩ። ሩት ፊቷ ተለወጠ። «አባዬ፣ ፊት አይሆንህም። መሃል ይሻላል።» አያችሁልኝ? ወጣቶቹ ደህናውን ቦታ ለራሳቸው አስበውታል! እኔ ደግሞ ከኋላ ልነጥር! ቤዛ ቀስ ብላ ቀረበችና በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ «ጋሽ ተክሌ፣ እርግጠኛ ነዎት?» አለች። ከአፏ ያ አክብሮት ሲወጣ ጭራሽ ተጠራጠርኩ። የጋቢናን ጥቅም ከእናንተ አልማርም፣ የፊት ወንበሩ የኔ ነው አልኩ። ከኋላችን ያሉት ሆላንዶች ሰዓታቸውን ማየት ጀመሩ። ሰው የምታስገባው የፓርኩ ሠራተኛም ፈጠን በሉ አለች። ሩት ተነፈሰችና አጠገቤ ተቀመጠች።

የወንበሩ መያዣ ብረት ወርዶ ደረቴን ጠፈነገኝ። ከፊቴ ሾፌር ፈለግሁ። የለም። መሪ የለም፣ መስታወት የለም። ከፊቴ ያለው አየር ብቻ ነበር።

ከዚህ በኋላ የሆነውን በቅደም ተከተል ማስታወስ አልችልም። ጋሪው ቀስ እያለ ሲወጣ ሰማዩን አየሁ። ጫፍ ላይ ሲደርስ ቆም አለ። ከእኔ በታች ምንም አልነበረም። ከኋላ ያሉት ቢያንስ የሰው ጀርባ ያያሉ፤ እኔ ጉድጓዱን ራሱን ነው ያየሁት። ከዚያ ወደቅን። «ማርያም! ማርያም!» አልኩ። አልኩ አይባልም፣ ጮህኩ። እንዲህ ያለ ጥሪ በአገራችን የሚሰማው ሴት ምጥ ላይ ስትሆን ነው። «አውርጂኝ! ጃንጥላ አስገባለሁ! ትልቁን ጃንጥላ!» እያልኩ ተሳልኩ። ስንገለበጥ ደግሞ ምንጣፍ ጨመርኩበት። አልቅሻለሁም። ነፋሱ ነው እንዳልል፣ ከቆምን በኋላም ነበር የማለቅሰው።

ስወርድ ሩት ክንዴን ያዘችኝ። ይህች ልጅ ክንዴን ከያዘች ስንት ዓመቷ! ልቤ ተነካ፣ አልደብቃችሁም። ግን ወዲያው ዕፍረቱ መጣ። ሃያ ሁለቱም ሰምተውኛል። የወደቀ ባርኔጣዬን አንዱ አነሳልኝ፣ በሁለት እጁ ሰጠኝ። ውሃ አመጡልኝ። ከዚያ በኋላ ማንም ስለ ነገሩ አልተነፈሰም። በመመለሻው አውቶቡስ እንኳ ዝም አሉ። ይሄ ዝምታ ለደግ አይደለም አልኩ በሆዴ፤ በየስልካቸው እየተጻጻፉ ነው፣ ነገ ዴን ሃግ ድረስ መሳቂያ ነኝ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ወላጆች ተሰበሰቡ። ልጆቹ ከኋላ ቆመዋል። እትዬ ብርቄ፣ «እህ ጋሽ ተክሌ፣ እንዴት አገኟቸው?» አሉኝ። አይደገምም የሚለው ቃል ምላሴ ላይ ነበር። ደግሞ አሰብኩት፤ ይህን ካልኩ ልጆቹም የሚናገሩት አላቸው። ሃያ ሁለት ምስክር! ጉሮሮዬን ስጠርግ፣ ሩት ከኋላ እጇን አወጣች። አለቀልኝ አልኩ።

«አባዬ ራሱ ስለማይናገር ነው» አለች። «እዚያ ትልቁ ላይ ስንወጣ ብቻችንን አልለቀቀንም። ከፊት ተቀመጠልን። እስክንወርድ ድረስ ጮክ ብሎ ሲጸልይልን ነበር። ለሁላችንም ብሎ ጃንጥላና ምንጣፍ ተሳለልን።»

አንዲት እናት በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች። እትዬ ብርቄ ተነስተው፣ በዚህ ዘመን እንዲህ ያለ አባት ከየት ይገኛል አሉ። ልጆቹ እንዲህ ያለ ጠባቂ እያላቸው ምን እንሰጋለን፣ በመከሩም ይሂዱ፣ በሚቀጥለው ጸደይም ይሂዱ፣ ጋሽ ተክሌ በሕይወት እስካሉ ድረስ አብረው ይውጡ አሉ። ተጨበጨበ። «የፊቱንም ወንበር» አሉ ጭብጨባው ሲበርድ ወደ ልጆቹ ዞረው፣ «ማንም እንዳይሻማቸው!»

ዘወር ብዬ ልጆቹን አየሁ። ሃያ ሁለቱም እጃቸውን ከኪሳቸው አውጥተው፣ አንገታቸውን ደፍተው፣ እንዳስተማርኳቸው ቆመዋል። አንድም የሳቀ የለም። ስድስት ዓመት ሙሉ አልገባቸውም እያልኩ ስጮህ የነበረው ሥነ ሥርዓት ለካ ገብቷቸው ኖሯል፤ ይብላኝ ለእኔ!