ፀሐይ የወጣለት ቫዮሊን

የሰው ወርቅ አያደምቅ ይላሉ። ይህን ተረት ያወጣው ሰው፣ ይቅርታ ይደረግልኝና፣ ጥሩ ቫዮሊን ተውሶ አያውቅም። የሰው ቫዮሊን ያደምቃል። ችግሩ ሌላ ነው፤ የተዋሱት ነገር ዕረፍት ይነሣል። የራስ ድስት ሲሰበር "ዕድሜው ደርሶ ነው" ይባላል። የጎረቤት ድስት ግን ዕድሜ የለውም፤ በተሰበረ ቁጥር ትናንት የተገዛ ነው።

እኔ ደብረ ማርቆስ በሚገኝ አንድ የሙዚቃ ክበብ ቫዮሊን እማራለሁ። ክበባችን ራሱን "ኦርኬስትራ" ብሎ ይጠራል፤ ስሙ ከተጫዋቾቹ ይበልጣል። የልምምድ ቫዮሊኖቻችን ድምፅ ዘይት ያልነካው የበር ማጠፊያ ነው። አንድ ጥሩ ቫዮሊን ግን አለን፤ ያረጀ፣ ቀላ ያለ፣ ደጋኑ ገና ሲጠጋው የሚናገር። አስተማሪያችን ቲቸር ጌትነት ይህን ቫዮሊን የሚያውሰው በዝግጅት ላይ ለብቻው ለሚጫወት ተማሪ ብቻ ነው። ዘንድሮ ያ ተማሪ እኔ ሆንኩ። እንዴት እንደሆንኩ አትጠይቁኝ፤ ክፍል ውስጥ ስሜ ሲጠራ "አቤት" ለማለት የምፈራ ልጅ ነኝ። ምናልባት ሌሎቹ ሲጣሉበት እኔ ዝም ስላልኩ ይሆናል። ቲቸር ሳጥኑን ሲያስረክበኝ፣ አንድ ነገር ከነካው ቫዮሊኑ ወደ ቁም ሳጥኑ፣ እኔ ወደ ማጠፊያዬ እንደምንመለስ ነገረኝ። ለካ እሱም ማጠፊያ ነው የሚላቸው!

በጥር ለማርያም ንግሥ ቤተሰባችን በሙሉ አማኑኤል ከተማ፣ አጎቴ አያ ሞላ ቤት ሄደ። ቫዮሊኑን ትቼው እንዳልሄድ ዝግጅቱ ደርሷል፣ ይዤው እንዳልሄድ አደራ ነው። እናቴ ግን ወሬውን ለዘመድ ሁሉ በስልክ አዳርሳ ስለነበር፣ ያለ ቫዮሊን ብሄድ ያለ ሙሽራ እንደ መጣ ሠርገኛ መሆኔ ነው። ያዝኩት።

አያ ሞላ የደብሩ ከበሮ መቺ ናቸው። የደጋ ብርድ ለከበሮ አይራራም፤ ቆዳው ይረግብና ድምፁ ጉንፋን እንደ ያዘው ሰው ይታፈናል። ስለዚህ ከበሮው ከመመታቱ በፊት ፀሐይ ላይ ይወጣል። ቆዳው ሲሞቅ ይወጠራል፣ ድምፁም ይመለሳል። አያ ሞላ በዚህ ሥራ አርጅተዋል፤ ከበሮ አሞቁ ብሎ የወቀሳቸው ሰውም የለም።

ጠዋት ላይ ዘመድ ከበበኝና "እስቲ አሰሚን" አለ። ብርዱም እፍረቱም እንደ ያዘኝ ደጋኑን ሳብኩ። የወጣው ድምፅ የቀጠነ፣ ደግሞም በመካከሉ ዝንብ የገባበት ይመስል ዝዝዝ የሚል ነበር። አያ ሞላ ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙኝና "ምስኪን!" አሉ። እኔን መስሎኝ አንገቴን ደፋሁ። ለካ ቫዮሊኑን ኖሯል። "ብርድ መቶታል እኮ! ቆዳው ረግቧል" አሉ።

ቆዳ የለውም፣ እንጨት ነው ማለት ነበረብኝ። "እ..." አልኩ። ትልቅ ሰው ደግሞ "እ" ያለችን ልጅ "እሺ" እንዳለች ነው የሚቆጥራት። "አይዞሽ ልጄ፣ ማንም አይነካብሽም" ብለው ከእጄ ተቀበሉኝ፤ ወጥተውም ከግድግዳው ሥር፣ ከከበሮው ጎን አሰጡት። ዝም አይነቅዝም ይባላል። አዎ፣ ዝም አይነቅዝም። የሚነቅዘው ሌላ ነው።

ቀስ ብዬ ልወጣና ወደ ጥላው ላሸሸው አሰብኩ። ግን ገበታ ቀርቧል። የአያ ሞላ ባለቤት እትዬ የሺ አንድ ትልቅ ጉርሻ ይዘው "በሞቴ!" አሉ። ጎረስኩ። ብድግ ስል "አንድማ ያጣላል፣ በሞቴ!" አሉ። ደግሞ ጎረስኩ። አንዲት ጎረቤት "ምን ታበሏታላችሁ ማርቆስ? ልጅቱ ራሷ ደጋኑን መስላለች!" ብላ ቤቱን በሳቅ ሞላችው፤ ከዚያ በኋላማ ጉርሻው ከየአቅጣጫው ሆነ። ፀሐዩ ደጅ ላይ እየበረታ ነው። ብነሣ እትዬ የሺ ሊሞቱብኝ ነው፤ ብቀመጥ ቫዮሊኑ። እስቲ እናንተ ፍረዱ!

ከደጅ "ጧ!" የሚል ድምፅ መጣ። ጉርሻው አፌ ውስጥ እንዳለ ወጣሁ። የቫዮሊኑ የፊት ሳንቃ ከጎኑ ተላቆ፣ ጥፍር የሚያስገባ ክፍተት ተፈጥሯል። ተከትለውኝ የመጡት አያ ሞላ "እሰይ! ተነፈሰ!" አሉ። ፊቴን ሲያዩ ግን ጎንበስ ብለው መረመሩትና "ግድ የለም፣ እርጥብ ጠፍር እንጠመጥምበታለን፤ ሲደርቅ በሬም አይፈታው። ወስፌ አምጡ!" ብለው አዘዙ።

"አይሆንም!"

ግቢው ሁሉ ዞር አለ። እኔም ማን እንደ ጮኸ ለማየት ዞር ብያለሁ። እኔ ነኝ።

አያ ሞላ አልተቆጡም፤ "ድምፅ አላት ለካ!" ብቻ ነው ያሉት። እኔ ግን በሚኒባስ ወደ ማርቆስ ስንመለስ ሳጥኑን ታቅፌ፣ ለቲቸር የምነግረውን ስፈጥር ዋልኩ። በማግስቱ ፊቱ ስቆም የፈጠርኩት ሁሉ ጠፋኝና እውነቱን ነገርኩት፤ ፀሐዩን፣ ከበሮውን፣ "በሞቴ"ውን።

ቲቸር ቫዮሊኑን አገላበጠ። በጣቱ ኳ ኳ አደረገ። የማጠፊያው ድምፅ ከወዲሁ በጆሮዬ መጣ። ከዚያ ሳቀ። የቫዮሊን ኮላ ሆን ተብሎ ደከም ያለ እንደሚደረግ፣ ሙቀት ሲበዛ እንጨቱ እንዳይሰነጠቅ ኮላው እንደሚለቅ አስረዳኝ። "ሳንቃው ቢሰነጠቅ ነበር ለቅሶው" አለ። ደግሞም ጎኑ ድሮም በግማሽ ለቆ ኖሯል፤ ያ ዝዝዝ የሚለው እሱ ነው። "እኔ ለመክፈት ፈርቼ ነው እስካሁን የተውኩት" አለና ቀና ብሎ አየኝ። ፈሪ እኔ ብቻ አለመሆኔን ስሰማ፣ እግዜር ይይልኝ፣ ደስ አለኝ።

ኮላ ቀባው፣ በትንንሽ ሞርሳ ጨምቆ አሰረው፣ ሲደርቅ መልሶ ሰጠኝ። ዝዝዙ ጠፍቷል! በዝግጅቱም ለብቻዬ ተጫወትኩ። እጄ ተንቀጠቀጠ፤ ሰው ግን ሆን ብዬ ድምፁን የማስውብ መስሎት አጨበጨበ። አላረምኩትም።

እናቴ ቫዮሊኑ ከድሮው ይልቅ ማማሩን ለአያ ሞላ ደወለችላቸው። "አላልኳችሁም?" አሉ አሉ። አሁን አማኑኤል ውስጥ ከከበሮ መቺነታቸው በላይ በቫዮሊን ሐኪምነታቸው ይታወቃሉ። እኔንም በስልኩ አስጠርተው "ለመምህርሽ ሰላም በይልኝ። ሌላም ብርድ የመታው ዕቃ ካለው ሳያፍር ይላክልኝ፤ የየካቲት ፀሐይ ከጥር ይበልጥ ይበረታል" አሉኝ።

የትልቅ ሰው መልእክት አይታጠፍምና አንዲት ቃል ሳላጎድል ለቲቸር አደረስኩ። እሱም ጥግ ላይ የቆመውን ቼሎ፣ ያን የቫዮሊን ታላቅ ወንድም፣ አንዴ አየት አደረገና፣ ተነሥቶ የመስኮቱን መጋረጃ ዘጋ።