የማርሽና የጎማ እርቅ

በካዛንቺስ ብዙ ታላላቅ ስብሰባዎች ተካሂደዋል፤ የጎማ ኮሚቴውን የሚያህል ግን አልታየም። ታሪክ ቢዘግበው ጥሩ ነበር። ታሪክ ስላልተመቸው ሰገን ዘገበችው። ሰገን ፀሐፊ የሆነችው አስራ ሁለተኛን ጨርሳ ዩኒቨርሲቲ እስክትጠራ ቤት ስለተቀመጠች ነው። በሙሉ ድምፅ ተመረጠች፤ እሷ ድምፅ አልነበራትም።

ነገሩ የጀመረው በስለት ነው። እናቷ ወይዘሮ ለተገብርኤል፣ ልጄ ማትሪክ ካለፈችልኝ ለቁልቢው ገብርኤል ጥላ ይዤ እመጣለሁ ብለው ተሳሉ። ሰገንም፣ አስተማሪዎቿ እስኪደነግጡ ድረስ፣ አለፈች። ጥላው ተገዛ፤ ዙሪያውን ወርቃማ ዘርፍ ያለው፣ ፀሐይ ላይ ሲያዩት ዓይን የሚያጨልም። የቀረው ታህሳስ አስራ ዘጠኝ ቁልቢ መገኘት ብቻ ነው። በቃ፣ ትኬት ቆርጦ መሄድ።

እዚህ ላይ ነው አባቷ አቶ ገብረሚካኤል የገቡበት። አቶ ገብረሚካኤል ሰላሳ ዓመት በመስሪያ ቤት ኃላፊነት ሲያገለግሉ ቀላሉን ነገር ሁሉ ወደ ፕሮጀክት በመቀየር የተመሰገኑ ጡረተኛ ናቸው። ለንግስ ቁልቢ ማደሪያ አይገኝም ብለው አንድ ያረጀ ሚኒባስ ታክሲ ገዙ። ወንበሩን አስነቅለው አልጋ፣ ምድጃና መጋረጃ አስገቡበት። ካምፐር ይባላል አሉ፤ ቤትህን ይዘህ የምትዞርበት መኪና፣ ዩቲዩብ ላይ ያዩት። አንዲት ነገር ብቻ ጎደለችው፣ ሞተር። የድሮው ሞተር እድሜ ልኩን "ወራጅ አለ" ሲሰማ ኖሮ አርፏል። ሰንጋ ተራ ጋራዥ ያለው ተከስተ የሚባል መካኒክ፣ ከትንሽ የጭነት መኪና የወጣ የናፍጣ ሞተር ገጠመለት።

ተከስተ የቀረውን በአንድ ትንፋሽ አስረዳ። ይሄ ሞተር ጉልበት አለው፣ ግን ቶሎ ቶሎ አይሽከረከርም። ስለዚህ ወይ የኋላው ማርሽ በረጅም ይቀየር፣ ወይ ትልቅ ጎማ ይደረግ። ሁለቱም የሚሰሩት አንድ ስራ ነው፤ ሞተሩ አንዴ ሲዞር መኪናው ብዙ እንዲሄድ። ሁለቱን አንድ ላይ ማድረግ ግን ሳይክልን በከባዱ ማርሽ ዳገት ላይ እንደማስነሳት ነው፣ ንቅንቅ አይልም። አንዱን ምረጡልኝ፣ በሁለት ቀን አስረክባለሁ አለ።

ምስኪን። "ምረጡ" ማለት ምን እንደሚያመጣ አላወቀም።

ወዲያው ሰባት አባላት ያሉት የማርሽና ጎማ መረጣ ዐቢይ ኮሚቴ ተቋቋመ። ከሰባቱ መንጃ ፈቃድ ያላቸው አቶ ገብረሚካኤል ብቻ ሲሆኑ፣ እሱም ከተሰጣቸው ቀን ጀምሮ ከመሳቢያ ወጥቶ አያውቅም። ሰብሳቢውም እሳቸው ናቸው፤ ረጅም ማርሽ ይሁን አሉ። ረጅም ማርሽ ማለት አርቆ ማሰብ ነው ብለው አርባ ደቂቃ ተናገሩ። የሰገን አጎት፣ ማለትም የእናቷ ወንድም፣ አቶ ሽሻይ ግን ለገሃር ሱቅ ያላቸው የተግባር ሰው ናቸው፤ ማንንም ሳይጠይቁ የሰገን ወገብ የሚደርሱ አራት ጎማዎች አምጥተው ግቢው ውስጥ ደርድረዋል። ሰው እኛን ቀና ብሎ ነው ማየት ያለበት አሉ። አንዱ ሌላውን ጡረተኛ አለው፣ ሌላው አንዱን ቸርቻሪ። ሰገን ቃለ ጉባኤው ላይ "ገንቢ የሐሳብ ልውውጥ ተካሂዷል" ብላ ፃፈች።

ሦስት ሳምንት ተኮራረፉ። ህዳር አለቀ። ወይዘሮ ለተገብርኤል በየቀኑ ጠዋት ጥላውን ከሽፋኑ አውጥተው አቧራ የሌለበትን ያራግፉና ስንት ቀን እንደቀረ ሰገንን ይጠይቃሉ።

በመጨረሻ ሽማግሌ ገባ። የሰፈሩን ፍቺ ሁሉ ያስቀሩት አቶ መዝገቡ ነጠላቸውን አደግድገው መጡና መካኒኩን አስጠሩ።

"ልጄ ተከስተ፣ ከማርሹና ከጎማው የትኛው ነው ጥፋተኛው?"

"ጥፋተኛ የለም ጋሼ። አብረው አይሆኑም ነው ያልኩት።"

"አብረው አይሆኑም የተባሉትን አብሮ ማኖር እኮ ነው የኛ ስራ።"

ተከስተ ሰገንን አያት። ሰገን እስክሪብቶዋን አየች። በዚያው ቀን ማንም እንዳይከፋው ማርሹም ረጅም፣ ጎማውም ትልቅ እንዲሆን ተወሰነ። ሁለቱ አንጋፎች ትከሻ ለትከሻ ተሳሳሙ፣ ጭብጨባ ሆነ። ተከስተ ማስጠንቀቂያዬ ይፃፍልኝ ብሎ ለመነ፤ "ልዩ ልዩ" ስር ተፃፈለት።

ታህሳስ አስራ ስድስት የሙከራ ጉዞ ተደረገ። ጥላው ለክብር አልጋው ላይ ተጋደመ፣ ተከስተ መሪ ያዘ፣ ኮሚቴው ከነሽማግሌው ተሳፈረ። ከካዛንቺስ እስከ መስቀል አደባባይ መኪናው እንደ ቅቤ ወረደ። አቶ ገብረሚካኤል አደባባዩ ላይ ወርደው፣ ስፖርት ሊሰሩ የመጡ ልጆች ቆመው እያዩ፣ ያለ አንዳች እንከን መድረሳቸውን በንግግር አበሰሩ። ሰገን መንገዱ በሙሉ ቁልቁለት እንደነበር ልትናገር አሰበች፤ አጀንዳ ስላልተያዘለት ተወችው።

ከዚያ መመለስ መጣ። ዳገቱ ሲጀምር መኪናው አቃሰተ፣ ተንዘፈዘፈ፣ ፍሪሲዮኑ ሸተተ፣ ቆመ። አንዲት ትራፊክ ፖሊስ መጥታ አንሱት አለች። አቶ መዝገቡ በትህትና ስብሰባ ላይ መሆናቸውን ገለፁላት። ልጅቱ ግን አስር ደቂቃ ሰጠቻቸው፤ እነሱም ዞረው፣ በቁልቁለት አሁንም እንከን የሌለውን መኪና፣ አቶ ሽሻይ ሱቅ በር ላይ ለገሃር አሳረፉት። ተከስተ በባጃጅ ሄዶ አራቱን የድሮ ጎማዎች ጭኖ መጣ። ወይዘሮ ለተገብርኤልም ወሬው ደርሷቸው በእግራቸው ወረዱ።

"ግማሽ ሰዓት ስጡኝ" አለ ተከስተ። "ትንንሾቹን ልመልስና ነገ ወደ ቁልቢ ትወጣላችሁ። እንደዚህ ከሆነ ግን ጭሮ ሳትደርሱ ነው የምትቀሩት።"

አቶ ሽሻይ ጎማዎቻቸውን በሐዘን ተመለከቱ። አቶ ገብረሚካኤል ተነሱ።

"የሽሻይ ጎማ አይነካም።"

"እንዴ ጋሼ፣ ጎማውን የተቃወሙት እርስዎ አይደሉ እንዴ?"

"ያኔ ተጣልተን ነበር። አሁን ታርቀናል።"

አቶ ሽሻይ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። "እንግዲያው የገብሬም ማርሽ እንዳይነካ" አሉ። አቶ መዝገቡ እርቅ ማለት ይሄ ነው ብለው መረቁ።

ወይዘሮ ለተገብርኤል ይሄን ሁሉ በሩ ላይ ቆመው ሰሙ።

"ገብሬ፣ ይሄ ነገር ቁልቢ ይደርሳል?"

"በመርህ ደረጃ ይደርሳል።"

ወይዘሮዋ መኪናው ውስጥ ገብተው ጥላውን ካልጋው ላይ አነሱ። ሰገን ቃለ ጉባኤውስ አለች። የትም አይሄድም፣ እንደ መኪናው ነው አሉና እጇን ይዘው ወጡ። በማግስቱ የሐረር አውቶቡስ ውስጥ ነበሩ። ጎማው መላጣ፣ ማርሹ በተቀየረ ቁጥር የሚያለቅስ አውቶቡስ ነው፤ ኮሚቴ ስላልነበረው ደረሰ። ታህሳስ አስራ ዘጠኝ ጥላው በእልልታ ገባ።

ሲመለሱ መኪናው ለገሃር እንደቆመ ነው። ቤት ደግሞ ሰገን በንፁህ እንድትገለብጠው የተዘጋጀ የማጠቃለያ ሪፖርት ጠበቃት። እናቷ እግራቸውን ውሃ ውስጥ ነክረው፣ እስቲ አንብቢልኝ አሉ።

"ዓላማ፦ የስለት ጥላ ቁልቢ ማድረስ። ውጤት፦ ጥላው ደርሷል። አፈፃፀም፦ መቶ በመቶ።"

"ማን አደረሰው ይላል?"

"ኮሚቴው።"

"እኔ የለሁበትም?"

"አለሽ እማ። 'ያጋጠሙ ችግሮች' የሚለው ስር ነሽ።" ሰገን ጉሮሮዋን ጠርጋ አነበበች። "ወይዘሮ ለተገብርኤል ያለ ኮሚቴው ፈቃድ በመድረሳቸው የፅሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጥቷቸዋል።"