ፔትራ ላይ ስልኬን የተቀበሉኝ ቀን

ክፉ ወሬ በመደበቅ የሚያህለን የለም። ደግ ወሬ እኛ ዘንድ አያድርም፤ የሰው እርግዝና፣ የሰው ቤት ግዢ፣ የሰው እጮኛ፣ ባለቤቱ ገና ሳይናገር ከካልጋሪው ማርልቦሮ ሰፈር ተነስቶ ሳድል ሪጅ ይደርሳል። ሞት ሲሆን ግን ሁላችንም የደህንነት ሠራተኛ እንሆናለን። ሺፍት ላይ ነው፣ ይውጣ። ወጣ? ራቱን ይብላ። በላ? እስቲ እንቅልፉን ይተኛ። ከዚያ ጎህ ሲቀድ በሩን አንኳኩተን እናረዳዋለን። ደግነት ነው ትሉኛላችሁ። ነው። ደግነቱ እኔ ላይ እስኪደርስ ድረስ እኔም እንደዚያ ነበር የምለው።

ይህን የምነግራችሁ፣ ሃያ ሁለት ሰው እናቴ መሞቷን እያወቀ፣ እኔ ብቻ ሳላውቅ ፔትራን ስጎበኝ የዋልኩ ሴት ነኝ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ነው። ከካልጋሪ ተሰባስበን ሄደን ኢየሩሳሌምን ተሳለምን፤ መመለሻችንን በዮርዳኖስ በኩል አደረግንና፣ አንድ ቀን ያችን ከዓለት የተፈለፈለች የበረሃ ከተማ አይተን በማግስቱ ከአማን ልንበር ነው። የጉዞው መሪ ጋሼ ታምራት ናቸው፤ ኤርፖርት አብረን ስንሠራ ያወቅኳቸው፣ ያለ እሳቸው ሰርግም ለቅሶም የማይሞላልን ሽማግሌ። ክፍል የምጋራው ከጓደኛዬ ከሰብለ ጋር ነው። የዚያን ቀን ማለዳ ወንድሜ ሙሉጌታ ከአዲስ አበባ ደወለ፤ ለእኔ ሳይሆን ለጋሼ። «እማዬ አረፈች። ቀብሩን ለነገ ዘጠኝ ሰዓት አቆይተነዋል፤ ዛሬ ማታ ከአማን አውሮፕላን አለ፣ ትደርሳለች» አላቸው። ጋሼ እኔ ለቁርስ ሳልወርድ ሌላውን ሁሉ ሰብስበው መከሩ። የምክሩን ውጤት የሰማሁት በኋላ ነው፦ «በሰው አገር፣ በረሃ ላይ አናረዳትም። አገሯ ትግባና ቤቷ ትረዳ።»

አገሯ ያሉት ካልጋሪን ነው።

እኔ ምን አውቄ! አውቶቡሱ ውስጥ የፊት ወንበር ለቀቁልኝ። ቦርሳዬን ተሸከሙልኝ። ውኃ የሚያቀርብልኝ ሰው በዛና፣ ለካ ሰው ይወደኛል ብዬ ኮራሁ። ሰብለ «ስልክሽን እስቲ ስጪኝ፣ ፎቶ ላንሳሽ፤ የእኔ ባትሪው ሞቷል» አለችኝ። ሰጠኋት፣ ቀኑን ሙሉ አልመለሰችልኝም። እናቴ ጋ ልደውል ስል ኔትወርክ የለም፣ ዋይፋይ የለም፣ ቻርጅ የለም። በረሃ ነው ብዬ አመንኩ።

ወደ ከተማይቱ የሚገባው በጠባብ የዓለት ስንጥቅ ነው። ስንጥቁ ሲያልቅ ድንገት ቀይ ሕንፃ ፊታችሁ ይቆማል፤ አምዱ፣ ደጁ፣ ጌጡ፣ ሁሉም ከአንድ ገደል የወጣ። እናንተዬ፣ አፌን ከፍቼ ቀረሁ! መንቃት የነበረብኝ እዚህ ላይ ነው። ሃያ ሦስት ሀበሻ ከዓለት የተፈለፈለ ሕንፃ ፊት ቆሞ፣ አንድ ሰው እንኳ «ይሄማ ከእኛ ላሊበላ ጋር ምኑ ይወዳደራል!» አላለም። አንድም ሰው! እንዲህ ያለ ነገር ተደርጎ አያውቅም። ሙቀቱ አድክሟቸው ነው ብዬ ራሴው አልኩት፣ ጮክ ብዬ። የተከራከረኝም፣ የደገፈኝም የለም።

አስጎብኚው ከዓለቱ የተቀረጹት ደጆች አብዛኞቹ መቃብር መሆናቸውን ያስረዳናል። እኔ ደግሞ ማን ቀልጂ እንዳለኝ እንጃ፣ «እማዬ ይህን ብታይ፣ እኔንም እንዲህ አድርጋችሁ ቅበሩኝ ትለን ነበር» አልኩ። ሳቅ ጠበቅኩ። ጋሼ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ፣ አደረጉት፣ መልሰው አወለቁት። ሰብለ ከቋጥኙ ጀርባ ዞረች። ስትመለስ ነጠላዋን እንደ ለቀስተኛ አዘቅዝቃዋለች። «ኧረ ነጠላሽን አስተካክዪ፣ ምን ሟርት ነው!» ብዬ ተቆጣኋት። አስተካከለችው።

ከሰዓት በኋላ ባለቀለም አሸዋ ጠርሙስ ውስጥ እየሞላ ስም የሚጽፍ ሰው አገኘን። የእናቴን ስም አጻፍኩ፤ ዘነበች። ሰውዬው አሸዋውን በቀጭን ሽቦ እየነካካ ፊደል ሲያወጣ፣ እኔ አጠገቡ ቁጢጥ ብዬ «እንዳትሳሳትብኝ፣ የእናቴ ነው» እለዋለሁ። እሷ በዚያ ሰዓት ሳሎኗ ውስጥ ተጋድማ ትጠብቀኛለች። ማታ ሆቴል ገብተን ጋሼ በእጃቸው ሁለት ጊዜ አጎረሱኝ። የአዲስ አበባው አውሮፕላን የዚያኔ ተነሳ። በማግስቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ እናቴ አፈር ስትለብስ፣ እኔ በሌላ አቅጣጫ እየበረርኩ ፊልም አያለሁ።

ካልጋሪ በገባን በማግስቱ ጎህ ሲቀድ በሬ ተንኳኳ። መንገዱ ዳር እስከ ዳር መኪና ቆሞበታል። ነጠላቸውን ሳይ ገባኝ። ጮህኩ፣ ደረቴን መታሁ፣ ያዙኝ። ሁሉም እንደ ደንቡ ነበር። ኋላ ሙሉጌታን በስልክ ሳገኘው ያለኝ ይህን ብቻ ነው፦ «አንድ ቀን ሙሉ አቆየናት እኮ። በር በሩን እያየን።»

ከዚያ በኋላ፣ ሰብለ የተረዳሁ ጠዋት የመለሰችልኝን ስልኬን ከፍቼ ፎቶዎቹን አየሁ። ሁሉም ጥቁር መነጽር አድርገዋል። ጥርሷ የሚታየው እኔ ብቻ ነኝ።

ጋሼን አንድ ዓመት አላናገርኳቸውም። በኋላ ታረቅን፤ ምን ይደረጋል፣ ካልጋሪ ስንት ጋሼ ታምራት አላት? ለራሴ ግን ማልኩ። እኔ የሰው ሞት አልደብቅም፣ ሺፍት ላይም ቢሆን፣ ምሳ ላይም ቢሆን ፊት ለፊት እናገራለሁ አልኩ።

ባለፈው ሳምንት የጋሼ የእህት ልጅ ከአዲስ አበባ ደወለችልኝ። «እማዬ አረፈች። ቀብሩን ለእሳቸው ብለን አቆይተነዋል፤ ዛሬ ማታ ከተነሱ ይደርሳሉ። አንቺ ንገሪልን» አለችኝ። በዚያው ቅጽበት መኪናዬን አስነስቼ ማርልቦሮ፣ ጋሼ ቤት ነዳሁ። መንገዱን ሙሉ ጮክ ብዬ ተለማመድኩት፦ ጋሼ፣ እህትዎ አርፈዋል። ሦስት ቃል ነው።

በሩን ራሳቸው ከፈቱ። ብቻቸውን ሽሮ አቅርበው ምሳ እየበሉ ኖሯል። «እሰይ! ብቻዬን አልወርድልኝ ብሎ ነበር፤ ነይ ታጠቢ!» አሉኝ፣ ፊታቸው ሁሉ በራ። ታጠብኩ። ተቀመጥኩ። አፌን ከፈትኩ፣ እሳቸው ጉርሻ መጠቅለል ጀመሩ። እስቲ ይህችን ይጉረሱ፣ አልኩ በልቤ። ይህን ጊዜ ጠረጴዛው ላይ ያለው ስልካቸው በራ።

«ጋሼ፣ ስልክዎን እስቲ ያውሱኝ፤ የእኔ ባትሪው ሞቷል» አልኳቸው።

ጉርሻው እጃቸው ላይ ቀረ። ስልኩን አዩ፣ እኔን አዩ። ከዚያ በግራ እጃቸው ቀስ አድርገው ወደ እኔ ገፉት።

«ማን ነው?» አሉኝ።

«ማንም አይደለም ጋሼ» አልኳቸው፤ «ምሳዎን ይጨርሱ።»